የፋየር አላርም ፓኔል አስተሳሰር፦ ከመስመር መጨረሻ ሬዚስተር እስከ ሪሌ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ያለ ፓኔል እንዳይ ተጠርቼ ነበር። አራት ዞን አለው። አረንጓዴው መብራት በርቷል፤ ቢጫም (ብልሽት) ቀይም (እሳት) የለም። ባለቤቱ አዛውንት «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አንድ ቀን አስቸግሮን አያውቅም» አሉኝ። ክዳኑን ስከፍት በየዞኑ መስመር መጨረሻ ላይ መታሰር የነበረባቸው አራቱም ሬዚስተሮች እዚያው ፓኔሉ ተርሚናል ላይ ታስረዋል፤ ወደ መጋዘኑ የሚሄዱት ሽቦዎች ደግሞ ከጎናቸው ገብተዋል። መሰላል ይዤ የሁለተኛውን ዞን ሽቦ ስከተለው ቆርቆሮው ሥር ተበጥሶ አገኘሁት። አይጥ ይቁረጠው ሠራተኛ አልታወቀም። ከተበጠሰበት ወዲያ ሰባት የጭስ ዲቴክተሮች ተሰቅለዋል፤ ሰባቱም ከፓኔሉ ጋር አይገናኙም። በዚያ በኩል እሳት ቢነሳ ፓኔሉ አንድም ነገር አይሰማም ነበር።

ይህን ያደረገው ባለሙያ ምናልባት ቸኩሎ ነው፤ ምናልባትም ፎልቱ (የብልሽት ምልክቱ) አልጠፋ ብሎት። ሬዚስተሩን ፓኔሉ ላይ ማሰር ቢጫውን መብራት ወዲያው ያጠፋል። የሚጠብቀው ነገር ግን የለም። ስለዚህ ሥራውን ከሬዚስተሩ እጀምራለሁ።

ፓኔሉ የሚያየው ምንድን ነው

አድሬስ የሌለው (ዲቴክተሮቹን አንድ በአንድ የማይለይ)፣ ባለ ዞን የሆነው የተለመደው ፓኔል በእያንዳንዱ ዞን የሚለካው አንድ ነገር ነው፦ በሁለቱ ሽቦ ውስጥ ስንት ከረንት እንደሚያልፍ። መስመሩ ላይ 24 ቮልት ካለና መጨረሻው ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከታሰረ 5 ሚሊ አምፒር ያህል ያልፋል። ፓኔሉ ይህችን ትንሽ ከረንት ሲያገኝ ሽቦው እስከ መጨረሻው ድረስ መኖሩን ያውቃል። ሽቦው ከተበጠሰ ከረንቱ ዜሮ ይሆንና ፎልት ይላል። ሰው ቀዩን ኮል ፖይንት (የእሳት መጥሪያውን) ሲጫን ውስጡ ያለው ሬዚስተር፣ ብዙ ጊዜ 470 ወይም 680 ኦም፣ ከመስመሩ ጋር ፓራለል (ጎን ለጎን) ይገባል። 470 ከ4.7 ኪሎ ጋር ፓራለል ሲሆን 427 ኦም ይሆናል፤ ከረንቱ ይዘላል፣ ፓኔሉም እሳት ብሎ ይጮኻል። ሁለቱ ሽቦ እርስ በርስ ሲነካኩ ደግሞ ሾርት ነው። ብዙዎቹ ፓኔሎች ሾርትን ፎልት ይሉታል፤ አንዳንድ የቆዩት ግን እንደ እሳት ይቆጥሩታል። የያዛችሁት ፓኔል የትኛው እንደሆነ ከዕቃው ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ ሳታዩ ሥራ አትጀምሩ።

ሱፐርቫይዝድ የምንለው መስመር ይህ ነው፤ መበጠሱን ራሱ የሚናገር መስመር። ከሬዚስተሩ ወዲህ ያለው ሽቦ ይጠበቃል፣ ከሬዚስተሩ ወዲያ ያለው አይጠበቅም። ስለዚህ ሬዚስተሩ ቦታው የመጨረሻው ዕቃ ውስጥ ነው።

የሬዚስተሩ መጠን እንደ ፓኔሉ ይለያያል። 4.7፣ 6.8 እና 10 ኪሎ ኦም የተለመዱ ናቸው፤ በሬዚስተር ፋንታ ካፓሲተር የሚፈልጉም አሉ። ከፓኔሉ ጋር በትንሽ ላስቲክ ታሽገው የሚመጡትን አትጣሉ። ጠፍተው እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ከገዛችሁ ቀለሙን እወቁ፦ 4.7 ኪሎ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይ ነው፤ 10 ኪሎ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ። 470 ኦም ደግሞ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ። ልብ በሉ፣ 4.7 ኪሎውና 470 የሚለያዩት በሦስተኛው ቀለበት ብቻ ነው፤ ቀይና ቡናማ ደግሞ በደብዛዛ መብራት አንድ ይመስላሉ። 470ውን ለ4.7 ተሳስቶ ያሰረ ሰው ፓኔሉ መብራት እንደበራ እሳት ይጮኽበታል። እያንዳንዱን ከማሰራችሁ በፊት በቴስተር ለኩ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሽቦ መሳብና መለካት

እሳት የሚቋቋም፣ ቀይ ልባስ ያለው፣ ሁለት ኮር፣ 1.5 ካሬ ኬብል በቂ ነው። ከ220 ቮልት ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡት። በመሀል መቀጠል ግድ ከሆነ ስካቶላ ውስጥ፣ በተርሚናል፣ ሰው በሚደርስበት ቦታ ይሁን እንጂ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ መወርወር አይገባም። ኬብሉ ሺልድ (ከልባሱ ሥር ያለ የብረት ሽፋን) ካለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይያያዝ፤ ኧርዙን የሚያገኘው ግን ፓኔሉ ጋ ብቻ ነው።

ሐረር ጁገል ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ቃል ልጨምር። ጁገል ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ እንደ ብሎኬት መፈልፈል አይቻልም። ኬብሉን በላይ በላይ፣ በብረት ክሊፕ ማስኬድ ይሻላል። ፕላስቲክ ክሊፕ እሳት ሲነካው ቀልጦ ኬብሉን ይለቀዋል። ጠባቡ የጁገል መተላለፊያም የእሳት አደጋ መኪና እንደልብ አያስገባምና እዚያ ውስጥ ያለ ቤት ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ሊደርሰው ይገባል።

ምንም ዕቃ ሳይታሰር፣ ፓኔሉም ሳይገናኝ ሜገሩን (የሽቦ ልባስ መፈተሻውን) በ500 ቮልት ሞክሩ፦ ሽቦ ከሽቦ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ከኧርዝ። አዲስ ኬብል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ኦም ያሳያል። ጥቂት ሜጋ ኦም ብቻ ካነበባችሁ ልባሱ የሆነ ቦታ ተፍቋል፤ አሁኑኑ ፈልጉት። ዲቴክተር ወይም ፓኔል ተያይዞ ሜገር መምታት ግን ዕቃውን ይገድላል።

ቀጥሎ የሩቁን ጫፍ ሁለት ሽቦ አገናኙና ከፓኔሉ ጫፍ በኦም ለኩ። የ1.5 ካሬ መዳብ በ100 ሜትር መሄጃና መመለሻው 2.4 ኦም ገደማ ነው። 100 ሜትር መስመር 15 ኦም ካሳየ ያልጠበቀ ተርሚናል አለ። ከዚያ ሬዚስተሩን ሩቁ ጫፍ ላይ አስሩና እንደገና ለኩ። 4.7 ኪሎ፣ አምስት በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች፣ ማንበብ አለባችሁ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከዓመት በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ዲቴክተርና ኮል ፖይንት

መስመሩ ከፓኔሉ ይወጣል፣ የመጀመሪያው ቤዝ (ዲቴክተሩ የሚሰካበት መቀመጫ) ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሁለተኛው ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ እያለ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ቅርንጫፍ የለውም። ከመሀል ጎትቶ ለአንድ ክፍል ዲቴክተር መስጠት ለመብራት ሥራ ይሆናል፤ እዚህ ግን ያ ቅርንጫፍ ቢበጠስ ፓኔሉ አያውቅም።

ረዳቴ የመጀመሪያ ሥራው ላይ «አቦ ጋሼ፣ ሽቦውን ለምን እቆርጠዋለሁ? ሳልቆርጥ ልጬ፣ አጥፌ እዚሁ ብሎኑ ሥር ላስገባው» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ ጊዜም ይቆጥባል። ግን ሳይቆረጥ የታጠፈ ሽቦ ከብሎኑ ሥር ቢወጣ መስመሩ አይበጠስም፤ ዲቴክተሩ ብቻ ይቀራል፣ ፓኔሉም ዝም ይላል። «ቁረጠው የኔ ጌታ» አልኩት፤ ገቢውና ወጪው ለየብቻ ሲታሰሩ አንዱ ቢላቀቅ መስመሩ አብሮ ይቋረጣል። የዲቴክተር ቤዝ ለዚሁ ሲባል ገቢና ወጪ ተርሚናል ለይቶ ይሰጣል፤ ጭንቅላቱ ሲነቀል ሁለቱ ይለያዩና ፎልት ይመጣል። ገቢውንና ወጪውን አንድ ብሎን ሥር ካሰራችኋቸው ግን ሌባ ዲቴክተሩን ነቅሎ ቢወስደው እንኳ ፓኔሉ አይነግራችሁም።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። ዲቴክተሩ ሲነቀል መስመሩ ከተቋረጠ፣ ከእሱ ወዲያ ያለ ኮል ፖይንትም አብሮ ይሞታል። ቀለም ቀቢ አንድ ዲቴክተር ስላወረደ የመውጫ በሩ ኮል ፖይንት መሥራት ማቆም የለበትም። ዞኑ ሁለቱንም ከያዘ ከፓኔሉ ተነስታችሁ መጀመሪያ ኮል ፖይንቶቹን አዳርሱ፣ ከዚያ ወደ ዲቴክተሮቹ ግቡ።

የሙቀት ዲቴክተር ስትመርጡ የድሬን ፀሐይ አስቡ። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ሥር እጅ አይቀመጥም። በአውሮፓው ስታንዳርድ በኢኤን 54 አመዳደብ ኤ1 እና ኤ2 የሚባሉት እስከ 50 ዲግሪ ለሚሞቅ ቦታ ናቸው፤ ቢ ደግሞ እስከ 65 ዲግሪ ይችላል፣ የሚነሳውም ከ69 እስከ 85 ባለው ውስጥ ነው። ለቆርቆሮ ሥር ቢ ውሰዱ። ሐረር ዳገቱ ላይ ግን ኤ2 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የጭስ ዲቴክተሩን የአቧራ ክዳን ደግሞ ግንበኛና ቀለም ቀቢ ጨርሰው እስኪወጡ አታንሱ።

ሌሎች ግቤቶች

የስፕሪንክለር ውኃ መፍሰሱን የሚናገረው ፍሎው ስዊች ባዶ ኮንታክት (ኤሌክትሪክ የማይሰጥ፣ የሚያገናኝና የሚለያይ ብቻ) ነው። ቀጥታ ከመስመሩ ጋር ካሰራችሁት ሲነሳ ሾርት ይፈጥራል፤ ፓኔሉም እሳት ከማለት ፎልት ሊል ይችላል። ስለዚህ በሰላም ጊዜ ተለያይቶ የሚቆየውን ኮንታክት ከ470 ወይም 680 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ አስሩ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ መስመሩ ላይ ፓራለል አግቡ። የመጨረሻው ሬዚስተርም እዚያው ስዊቹ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ቫልቭ መዘጋቱን የሚናገረውን ስዊች ግን ከእሳት ዞን ጋር አትቀላቅሉት፤ የተዘጋ ቫልቭ ችግር ነው እንጂ እሳት አይደለም፤ የራሱን መስመር ስጡት።

ሳውንደር

የሳውንደር (የማስጮኺያው) መስመርም ይጠበቃል፣ ዘዴው ግን ሌላ ነው። በሰላም ጊዜ ፓኔሉ ትንሽ ቮልቴጅ ገልብጦ ይልካል፤ ሳውንደሩ ውስጥ ያለው፣ ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ያግደዋል፣ የመጨረሻው ሬዚስተር ብቻ ያሳልፈዋል። እሳት ሲመጣ ፖላሪቲው ይገለበጥና ሙሉ 24 ቮልት ይሄዳል። ቴስተራችሁን ተርሚናሉ ላይ አድርጋችሁ ማይነስ ብታነቡ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው። አንዱን ሳውንደር ገልብጣችሁ ካሰራችሁ ግን በሰላም ጊዜ ከረንት ይጠጣል፣ ፎልት ያመጣል፣ እሳት ሲመጣ ደግሞ አይጮኽም። እዚህም ቅርንጫፍ አይፈቀድም።

ሪሌ

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ሪሌ ማለት ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ኮንታክቱን የሚስብ፣ ሲያጣ የሚለቅ ማብሪያ ነው። ፓኔሉ ላይ ኮመን (የጋራው)፣ ኤን ኦ (በዕረፍት የተለያየው)፣ ኤን ሲ (በዕረፍት የተገናኘው) የሚሉ ሦስት ሦስት ተርሚናሎች አሉ፤ አንዱ ቡድን ለእሳት፣ አንዱ ለፎልት። ደረቅ ኮንታክቶች ናቸው፤ ኤሌክትሪክ አይሰጡም፣ የሰጣችኋቸውን ያገናኛሉ ወይም ይለያያሉ። ብዙውን ጊዜ የሚችሉት በ30 ቮልት ዲሲ 1 አምፒር ነው። የ220 ቮልት ኮንታክተር (የሞተር ማብሪያ) ኮይል ቀጥታ እዚህ ላይ ማሰር ኮንታክቱን ያቃጥለዋል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ 220ን ሰው እጁን ወደሚያስገባበት የ24 ቮልት ሳጥን ማምጣቱ ነው።

መፍትሔው መሀል ላይ የ24 ቮልት ሪሌ ማስገባት ነው፤ በራሱ ሳጥን፣ ከፓኔሉ ውጭ። የዲሲው ኮይል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ አስሩ፣ ነጭ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፕላስ። ኮይሉ ሲለቅ የሚወረውረው ስፓይክ የፓኔሉን ኮንታክት የሚበላው ይህ ሳይኖር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስ። ከፓኔሉ ወደዚህ ሪሌ የሚሄደው ሽቦ አይጠበቅም። ቢበጠስ ቢጫ መብራት የለም። ስለዚህ መበጠሱ ወደ ደህናው ጎን እንዲወድቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ለቬንቲሌተር ማቆሚያ እንዲህ አደርጋለሁ፦ የፓኔሉን ተጨማሪ 24 ቮልት ፕላስ ወደ እሳት ሪሌው ኮመን፤ ከኤን ሲ ወደ ውጭው ሪሌ ኮይል ፕላስ፤ የኮይሉ ማይነስ ወደ 24 ቮልት ማይነስ። በሰላም ጊዜ የውጭው ሪሌ ተስቦ ይኖራል። የቬንቲሌተሩ ኮንታክተር የኮይል መስመር፣ ይኸው ሪሌ ሲሳብ በሚገናኘው ኮንታክት ውስጥ ያልፋል። እሳት ሲመጣ ኤን ሲ ይለያያል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ቬንቲሌተሩ ይቆማል። ሽቦው ቢበጠስም፣ ፊውዙ ቢሄድም እንዲሁ ይቆማል፤ ባለቤቱም «ቬንቲሌተሬ ቆመ» ብሎ ይደውላል። ስትሠሩት ፓኔሉ ሪሴት ሲደረግ ቬንቲሌተሩ በራሱ እንዳይነሳ ሰው ስታርት መጫን እንዲኖርበት አድርጉ።

የማግኔት በር ቁልፍም በዚሁ መንገድ ነው። የቁልፉ ኤሌክትሪክ ተስቦ በሚኖረው ሪሌ ኮንታክት ውስጥ ይለፍ፤ ሲለቅ በሩ ይከፈታል። ከዚህ ሌላ በሩ አጠገብ አረንጓዴውን የድንገተኛ መክፈቻ መስበሪያ ስቀሉ፤ እሱ ፓኔሉን ሳይጠይቅ ራሱ ኤሌክትሪኩን ይቁረጥ። ሊፍት ላይ ግን እጃችሁን አታስገቡ፤ ደረቅ ኮንታክት አውጥታችሁ ለሊፍቱ ባለሙያ አስረክቡ፣ ወደ ምድር ወለል የሚያወርደው እሱ ነው።

የፎልት ሪሌው ብዙ ፓኔሎች ላይ በሰላም ጊዜ ተስቦ ይኖራል፤ ፓኔሉ ጨርሶ ቢሞት እንኳ ለቆ እንዲናገር ነው። ስለዚህ ተርሚናሉ ላይ የታተመው ኤን ኦ የሰላሙን ጊዜ ይናገር የሪሌውን ዕረፍት፣ ከፓኔል ፓኔል ይለያያል። ጽሑፉን ከማመን ፓኔሉ በርቶና ሰላም ሆኖ ሳለ በቴስተር ለዩት።

ባትሪ

ፓኔሉ ከዋናው ቦርድ የራሱ ብሬከር ይኑረው፣ ሌላ ነገር አይጋራው። ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ 24 ይሆናል። መጠኑን ለመምረጥ ሂሳቡ ይህ ነው፦ የሰላም ጊዜ ከረንት በ24 ሰዓት፣ ሲደመር የአላርም ከረንት በግማሽ ሰዓት፣ ድምሩን በ1.25 ማባዛት። ከላይ ያልናቸው ሪሌዎች እያንዳንዳቸው 40 ሚሊ አምፒር ያህል ሁልጊዜ ይበላሉ፤ አትርሷቸው። ፓኔሉና ዲቴክተሮቹ 110 ሚሊ አምፒር፣ ሁለት ሪሌ 80፣ ጠቅላላ 0.19 አምፒር ቢሆን በ24 ሰዓት 4.56 ይሆናል። አላርም 0.7 አምፒር ከሆነ ግማሽ ሰዓቱ 0.35 ነው። ድምሩ 4.91፤ በ1.25 ሲባዛ 6.14 አምፒር ሰዓት። 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያልፋል፣ ግን ለጥቂት ነው።

የዚህ ዓይነት (የታሸገ ሊድ አሲድ) ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ድሬ ውስጥ ይህ ተራ ወሬ አይደለም። የፓኔሉ ሳጥንና ቻርጀር የሚፈቅዱ ከሆነ 12 አምፒር ሰዓት አድርጉ፤ ፓኔሉን የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ የገጠማችሁበትን ቀን ባትሪው ላይ በማርከር ጻፉ።

ሙከራ

ለሰዎች አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሆቴል ከሆነ ለእንግዶቹም። መጀመሪያ ወደ ቬንቲሌተርና ሊፍት የሚሄዱትን ሽቦዎች ነቅላችሁ ሞክሩ፣ መጨረሻ ላይ መልሳችሁ አንድ ጊዜ ከነሙሉው።

የመጨረሻውን ሬዚስተር አንዱን እግር ንቀሉ፤ ፎልት ይምጣ። መልሱት። እያንዳንዱን ዲቴክተር አንድ በአንድ አውርዱ፤ በእያንዳንዱ ፎልት ካልመጣ ያ ቤዝ ተሳስቷል። ሰልችቷችሁ ሦስቱን ብቻ ሞክራችሁ አትውረዱ፤ ስህተቱ አራተኛው ላይ ነው የሚጠብቃችሁ። ሁለቱን ሽቦ አነካኩ፣ መጽሐፉ ያለው ይሁን። ኮል ፖይንቶቹን በመሞከሪያ ቁልፋቸው አስነሱ። የጭስ ዲቴክተርን በመሞከሪያ ስፕሬይ ሞክሩ፤ ወረቀት ማቃጠል ጥቀርሻ ውስጡ ይተዋል። ለሙቀቱ የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል፣ ክብሪት አይሆንም። የመጨረሻውን ሳውንደር ንቀሉ፤ ፎልት። ከዚያ ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ በባትሪ ብቻ አላርም አስነሱና በጣም ሩቅ ያለውን ክፍል በሩን ዘግታችሁ ስሙ፤ መኝታ ክፍል ከሆነ ትራሱ ጋ 75 ዴሲቤል መድረስ አለበት።

እዚያ መጋዘን አራቱን ሬዚስተሮች ነቅዬ ወደ የመጨረሻ ዲቴክተራቸው ሳዛውር ሁለተኛው ዞን ብቻ አልነበረም፤ አራተኛውም ቢጫ አበራ። ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚያ ፓኔሉ ክዳን ውስጥ ካርቶን ለጠፍን፤ በየዞኑ ሬዚስተሩ ያለበት ቦታ፣ የተለካው ኦም፣ የባትሪው ቀን። ለዘበኛውም ቢጫ መብራት ሲያይ ድምፁን አጥፍቶ እንዳይተኛ፣ ያኔውኑ እንዲደውል፣ የምደወልበትን ስልክ በትልቁ ጽፈን ግድግዳው ላይ አደረግንለት።